ፀሐይ ያሳጠረው ቆዳ

የመኪና ወንበር በሚያለብሱበት በዚያ ወርክሾፕ ሰው የሚከበረው በያዘው መሣሪያ ነበር። መዶሻ የያዘ አሮጌውን ያፈርሳል፤ መርፌ የያዘ ይሰፋል፤ ጠመኔ የያዘ ግን ያዛል። ጠመኔው ቆዳው ላይ መስመር ያሰምራል፣ መቀሱ መስመሩን ይከተላል፣ መርፌው ደግሞ መቀሱ ያስቀረውን ይሰበስባል። የቤቱ ትልቋ ልጅ መርፌዋን ይዛ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰበስብ ኖራለች።

ሰፈሩ እታለም ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ናት፤ አፏን ስትፈታ ከ«እማ» ቀጥላ ያለችው እሱን ነው ይባላል። ታናሽየዋ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ልትደፍን ትንሽ ሲቀራትም ሚጡ እንደሆነች ናት። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ከአባታቸው ጋር ሦስቱም ከወርክሾፑ በላይ ባሉት ክፍሎች ይኖራሉ። ይኖራሉ ሲባል እታለምና አባቷ ከዚያ ንቅንቅ ብለው አያውቁም፤ ሚጡ ግን ርቃ ሄዳ የቤት ዕቃ ንድፍ ተምራ፣ አንድ ትልቅ የሶፋ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ፣ አምና የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የተመለሰችው።

ሚጡ ስትስቅ የስፌት ማሽኖቹም አብረው የሚስቁ ይመስላል። ደንበኞች ሲመጡ ከጎረቤት ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ይዘውላት ይገባሉ። ለእታለም አያመጡላትም፤ ሻይ አትወድም ብለው ነው። እውነቱን ለመናገር ትወዳለች። ብቻ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም።

መኪናዋ በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና መጣች። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ የድሮ ክፍት መኪና ናት። ቀለሟ ተቀብቷል፣ ሞተሯ ተሠርቷል፤ ውስጧ ግን ጅብ የገባበት ቤት ይመስላል። ወንበሮቹ ተሰነጣጥቀው ስፖንጁ እየፈረፈረ፣ ሞላው አፍጥጦ ይታያል። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጣሪያው ተከፍቶ እንደቀረ ስንት ዓመት ደጅ ቆማ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት እንደኖረች ሲናገሩ፣ ስለ ዘመድ ሕመም የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

«እንደ ነበረው ነው የምፈልገው» አሉ። «ሽንሽኑ በቁጥሩ፣ ስፌቱ በቁጥሩ። አማረ ብላችሁ አንድ ነገር እንዳትጨምሩብኝ።» ይህን ብለው ከደረት ኪሳቸው ያቺን እጀታዋ ረጅም የሆነች የጥርስ ማያ መስታወት አወጡና ከወንበሩ ሥር አስገብተው ያዩ ጀመር።

«ዶክተር፣ ይነቀላል ወይስ ይሞላል?» አለች ሚጡ።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሚጡ ወዲያው ከጎናቸው ተንበርክካ ሁለት ጣቷን ስፌቱ ላይ አሳረፈችና ቆጠረች። «በሁለት ጣት ስምንት ስፌት። ሽንሽኑ በእያንዳንዱ መደገፊያ ላይ አሥር። ልክ ነኝ?»

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ዓይን አላት!» አሉ ሐኪሙ ወደ አባትየው ዞረው።

እታለም በሩ ጋ ቆማ ነበር። ስምንቱን ስፌት መኪናዋ ከጭነት ስትወርድ ቆጥራዋለች። ሌላም ያየችው ነበር። ከኋላው ወንበር ጀርባ፣ የታጠፈው ጣሪያ በሚያርፍበት ስፍራ፣ ከዛጉት ሚስማሮች ሥር የሸራ ክር ተጣብቆ ቀርቷል። መጀመሪያ ሸራ ነበረ፣ አሁን ያለበት ቆዳ በኋላ ጊዜ የተለጠፈ ነው ማለት ነው። ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት ሚጡ ሌላ ቀልድ ጀመረች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

በሳምንቱ አባት ጠመኔውን አንስተው ካርቶን ላይ አንድ መስመር ሞከሩ። መስመሩ እንደ ትል ተጠማዘዘ። ለረጅም ጊዜ አዩትና በመዳፋቸው ጠርገው አጠፉት። እታለም ማሽኗን አቆመች። አሁን ይጠሩኛል አለች በሆዷ።

«ሚጡ፣ እስቲ ነይ» አሉ አባት። «ይህችን አንቺ ቁረጪ። እታለም ትሰፋዋለች።»

«እኔ?» ሚጡ እውነት ደነገጠች። «እታለም እያለች?»

«የእታለምን ስፌት ማን ሊተካው! እሷ ከማሽኑ ከተነሣች እዚህ ቤት ሥራ ቆመ ማለት ነው።»

ምርቃት የሚመስል እስራት አለ። እታለም «እሺ አባባ» አለችና ክሯን በመርፌው ዓይን አሳለፈች። ክሩ በመጀመሪያው ገባ። እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

ቅናት መጀመሪያ ሲመጣ ቅናት ነኝ ብሎ አይደለም። ለእታለም እንደ ሙያ ስጋት ሆኖ ነው የመጣላት። ልጅቷ የሠራችው ሶፋ ነው፣ የመኪና ወንበር የት ታውቃለች፣ አንድ ነገር ብታበላሽስ፣ እያለች ለአባቷ ስም የተጨነቀች መሰላት። ከዚያ ሚጡ ጠመኔውን እንደ አባቷ አድርጋ ከጆሮዋ ኋላ ሰካችው። ማንም አላሳያትም፤ ዝም ብላ ሰካችው። እታለም ያንን አንድ ቀን ብቻዋን ሆና በመስታወት ፊት ሞክራው ታውቃለች፤ ወዲያው አውርዳ፣ ፀጉሯ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ሰው ሳያይ አራግፋዋለች። ሚጡ ግን ጠመኔዋን ሰክታ ሻይ ቤት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ያኔ ስጋቱ ስጋት መሆኑ ቀርቶ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ እህቷ የምታደርገው ሁሉ ይቆረቁራት ጀመር። ሳቋ ይረዝምባታል። እየሠራች ማንጎራጎሯ አይጥማትም። አባቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው «ቀኝሽን ዝቅ፣ እንደሱ» ሲሏት እታለም ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ትረግጥና የማሽኑ ጩኸት ቃሉን ይውጠዋል። ለእሷ «እንደሱ» ብለዋት የሚያውቁት መቼ ነበር? ለማስታወስ ስትሞክር ደከማት።

ቆዳው ሦስት ነበር፤ ሦስት ሙሉ ቆዳ፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለም። ሐኪሙ ከአሮጌው ወንበር እጥፋት ውስጥ ብርሃን ያልነካውን ቁራጭ ወስደው ለአንድ ሽማግሌ ቀለም ነካሪ ሰጥተው በልኩ ያስነከሩት ነው። ነካሪው ሦስቱን ነከረና ሱቁን ዘግቶ ልጆቹ ወዳሉበት ሄደ። አራተኛ የለም። አባት በልባቸው ሁለት ጊዜ ሸነሸኑት፣ ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ ለሁለቱ የፊት ወንበሮች፣ ለኋላው ወንበር ከነጀርባው፣ ለበሮቹ ይበቃል። ለስህተት የሚተርፍ ግን መዳፍ የምታህል የለችም።

መቁረጡ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አባት ለእጃቸው ሐኪም ቤት ሊታዩ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረባቸው። አምስት ቀን እህታቸው ቤት ያርፋሉ። ሚጡ ሻንጣቸውን ይዛ ቀድማ ወጣች። አባት በሩ ላይ ቆም አሉና ለእታለም ቀስ ብለው፣ «ክፍት መኪና መሆኑን እንዳትረሺ» አሏት።

«አልረሳም።»

ሌላ አልጨመሩም። መጨመርም አያስፈልግም፤ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነውና።

እታለም በሃያ ሦስት ዓመቷ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠመኔ ይዛ ነበር። ያን ጊዜም የመጣችው እንዲሁ ክፍት መኪና ነበረች። ቆዳ ሰው ሲቀመጥበት ሲቀመጥበት እንደሚዘረጋ ወንበር የሚያለብስ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ አሮጌውን ልብስ አንጥፎ ሲለካ ከየጎኑ አንድ ጣት ይቀንሳል። እሷም ቀነሰች፤ ከሁሉም ቀነሰች። ሲያለብሱት መቀመጫው እንደ ጓንት ገባ። የመደገፊያውን ጫፍ ከላይ የሚያቅፈው ቁራጭ ግን፣ እነሱ «ግንባር» የሚሉት፣ ሦስት ጣት አጥሮ ቀረ። ክፍት መኪና ውስጥ ሰው የማይጫነው፣ ፀሐይና ዝናብ ግን በየቀኑ የሚመታው እሱን ነው። አሮጌው ግንባር ዓመት በዓመት ተኮማትሮ ነበር፤ እሷ የለካችው ኩምትሩን ነው፤ ከኩምትሩም ላይ ደግሞ ቀነሰች።

«ሰው የዘረጋውን ትቀንሻለሽ፣ ፀሐይ ያሳጠረውን ትመልሻለሽ» አሏት አባቷ ያን ቀን። «ግንባርን ከብረቱ ላይ ለኪ እንጂ አሮጌውን አትመኚ።» አልተቆጡም። ለባለቤቱ ቆዳው ጉድለት ነበረበት ብለው ጥፋቱን ዋጡላትና ሌላ አስመጥተው ራሳቸው ቆረጡ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ጠመኔውም ወደ እሷ ተመልሶ አያውቅም። ሚጡ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የሰማችው ነገር የለም።

እንግዲህ ዕውቀቱ እዚህ፣ ጠመኔው እዚያ፤ አለች እታለም አባቷን ሸኝታ ስትመለስ። ለምን ለእኔ ሹክ ይሉኛል? ለቆራጫቸው አይነግሯትም?

በማግስቱ ሚጡ የፊቶቹን ወንበሮች ልብስ በምላጭ እየፈታች ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈቻቸው። ውርንጭላ የሸጠ ገበሬ ያህል ደስ ብሏታል። ቆዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ አሸተተች፣ ጠመኔውን ከጆሮዋ ኋላ አወረደች።

«እታለም!»

«አቤት።»

«ቆዳ ተቀምጠውበት ይዘረጋል አይደል? አንድ አንድ ጣት ልቀንስ?»

«ይዘረጋል።»

«ከሁሉም?»

ማሽኑ ቆሞ ነበር። ደጅ አንድ ሰው ጎማ ሲያንከባልል ይሰማል። እታለም ከተቀመጠችበት ሆና ግንባሩን አየችው፤ ጠርዙ ተጨማዶ፣ ቀለሙ ነጥቶ፣ ፀሐይ የበላው መሆኑን ለሚያውቅ ሰው በግልጽ ይናገራል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ይሄኛውን ተዪው» ብትል በቂ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ያኔ ሚጡ እስክትመልስላት እየጠበቀች ጠመኔውን በጣቶቿ መሃል አሽከረከረችው፤ ልክ እንደ አባታቸው።

«ቆራጯ አንቺ አይደለሽ እንዴ» አለች እታለም።

«ውይ፣ ክፉ!» ሚጡ ሳቀች። ቀልድ መሰላት። መጥታ ከኋላ አቅፋ ጉንጯን ስማት ሄደች። ጠመኔው ቆዳው ላይ ሲሄድ፣ ቀጥሎም ትልቁ መቀስ ቆዳውን ሲነክስ እታለም ሰማች። መጀመሪያ መቀመጫዎቹ፣ ከዚያ ሽንሽኖቹ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ግንባሮች። እያንዳንዱን ድምፅ ቆጠረችው። ሁለተኛው ግንባር ተቆርጦ ሲያልቅ ሰውነቷ ቀለል አላት፤ ለመናገር ጊዜው ካለፈ ወዲህ መናገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የእሷ ተራ ነበር። ሦስት ቀን ሰፋች። አሥሩንም ሽንሽን በእኩል ሞላች፤ በየመጋጠሚያው መሃል የምትገባውን በቆዳ የተጠቀለለች ቀጭን ገመድ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳትጠማዘዝ አስገባቻት፤ በሁለት ጣት ስምንት ስፌት፣ ሳያንስ ሳይበዛ። በሕይወቷ እንዲህ አምራ ሰፍታ አታውቅም። ወንበሩ ላይ እንደማይገባ የምታውቀውን ልብስ ለምን እንዲህ ተጠበበችበት? ምናልባት ስህተቱ በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ስፌቱን አይቶ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ እንዲለይ ነው። ሐሳቡ እንደመጣላት አፈረችበት። ግን አልጣለችውም።

«ለዶክተሩ ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ?» አለች ሚጡ በሦስተኛው ቀን ክር እየጠቀለለችላት። «'መቁረጡንስ ቁረጥ የተባለ ሁሉ ይቆርጠዋል፤ መኪናዎን መኪና የምታደርጋት እህቴ ናት' አልኳቸው። ስትሰፋ ለማየት ይመጣሉ።»

«ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?»

«አንቺማ ምን ትያለሽ! ዝም ነዋ የምትይው» አለች ሚጡ፤ ሳቀችና በክንዷ ገፋ አደረገቻት።

ሐኪሙ የመጡት በአራተኛው ቀን፣ ልብሱን በብረቱ ላይ ሲያጠልቁ ነበር። «እንዴት ናት ሕመምተኛዋ?» እያሉ ገቡ። መቀመጫው ገብቷል፤ አንድ ሽብሽብ የለበትም። ሚጡ መደገፊያውን ይዛ ከላይ ወደ ታች ትስባለች። መጀመሪያ እየሳቀች ሳበች፤ ከዚያ ዝም ብላ ሳበች፤ ከዚያ ጉልበቷን ስፖንጁ ላይ አሳርፋ ሳበች። ፀጉር ማድረቂያ አምጥታ ቆዳውን አሞቀችና እንደገና ሞከረች። ግንባሩ ከብረቱ ጫፍ ሦስት ጣት ያህል ወዲህ ቆሟል። ስፖንጁ እንደ ምላስ ወጥቶ ይታያል።

«ያዥልኝ እስቲ እታለም፣ በዚያ በኩል።»

እታለም ያዘች። ሳበች። የማይደርስ መሆኑን እያወቀች ከእህቷ እኩል አላባት።

ሚጡ በመጨረሻ ለቀቀችው። ፊቷ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አጥብቤ ቆረጥኩት። የእህቴ ስፌት ምንም የለበትም፣ ይዩት፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሽማግሌው መስታወታቸውን ለማውጣት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ልከው ነበር፤ ባዶውን መለሱት። «የተረፈ ቆዳ አለ?»

«ለኋላው ወንበርና ለበሮቹ ብቻ የሚሆን ነው ያለው።»

«ሌላ ቀለም ከምታለብሷትስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ባዶዋን ወደ ቤቷ ልውሰዳት። አባትሽ ሲመጡ እንነጋገር።» ቁጣ አልነበረባቸውም። ሊያድኑት ያሰቡትን ጥርስ ሲነቅሉም እንዲሁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሚጡ አንገቷን ደፋች። እታለም ይህችን ቅጽበት በልቧ ስትጠብቃት ነበር፤ ስትመጣ ደስ የሚላት መስሏት። መጣች። የእህቷ ትከሻ ዝቅ ብሎ ሲታይ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለች የምትለብሰው ሰፊ ሹራብ ውስጥ ያለች ትመስል ነበር። ደስታ የሚባል ነገር የትም አልተገኘም። ቅናቱ ግን እዚያው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ የሚቀናበት ነገር አግኝቶ ነበር፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት ልጅቷ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም።

«ይደርሳል» አለች እታለም።

ሐኪሙ ዞሩ። ድምፅዋን ሰምተውት የሚያውቁ አይመስልም።

«ሐሙስ ይምጡ። በራሱ ቀለም፣ እንደ ነበረው።»

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ እታለም ከማሽኑ ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። «የኋላው ወንበር ጀርባ መጀመሪያም ቆዳ አልነበረም» አለች። «ሸራ ነው። ያ ቆዳ በኋላ የተለጠፈ ነው። ሚስማሮቹን ነቅለሽ እዪ፣ ክሩ አለ። ሸራውን እንመልስለትና ለእሱ ከያዝሽው ቆዳ ሁለት ግንባር ይወጣል። የተሰፋውን ግንባር ብቻ ነው የምፈታው፤ ሽንሽኑ አይነካም።»

ሚጡ ከኋላው ወንበር ጀርባ ተንበርክካ አንድ ሚስማር በጉጠት ነቀለች። የሸራ ክር አብሮት መጣ። መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አየችው። እታለም በዚህ መሃል ሜትር አውጥታ ባዶውን ብረት ከዳር እስከ ዳር ለካች፤ አሮጌውን ልብስ ዞራም አላየችው።

«ለምን ከብረቱ?» አለች ሚጡ ገና እንደተንበረከከች።

«ክፍት መኪና ስለሆነች። ግንባሩን ፀሐይ ያሳጥረዋል። አይቀነስለትም፣ ይመለስለታል እንጂ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ድሮ። እኔም እንዲሁ አጥሮብኝ ነበር።»

ሚጡ ተነሥታ ቆመች። ከጉልበቷ ላይ አቧራውን አራገፈች፤ ረጅም ጊዜ አራገፈች። «'ከሁሉም?' ብዬ ስጠይቅሽ…»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሸራውንም?»

«መኪናዋ የመጣች ቀን ነው ያየሁት።»

እታለም ጩኸት ጠበቀች። ስድብ ቢመጣ ትችለው ነበር፤ እንዲያውም ተዘጋጅታለታለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው መልስ ነበራት። ሚጡ ግን ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ተመልሳ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ቁረጪ» አለች። «እኔ እሰፋለሁ።»

አባት በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ገቡ። ትልቋን ልጃቸውን ከጠረጴዛው ጋር፣ ትንሿን ከማሽኑ ጋር አገኟቸው። ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ሄደው ጎንበስ አሉና ሁለቱን አጫጭር ግንባሮች አወጡ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ላይ ቆዳዎቹም ተንቀጠቀጡ። ሚጡ ማሽኗን አቁማ ክር ላምጣ ብላ ወጣች፤ ክሩ አጠገቧ ነበር።

«አልነገርሻትም» አሉ አባት።

«አልነገርኳትም።»

«ስሄድ ምን አልኩሽ?»

«ለእኔ ለምን ነገሩኝ?» የእታለም ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ራሷ ደነገጠች። «ቆራጩ እሷ፣ ምክሩ ለእኔ! ለእሷ ለምን አልነገሯትም?»

«ካንቺ አፍ እንድትሰማው ነዋ! ጠመኔውን ብትይዝም የምታውቂው አንቺ መሆንሽን እንድታይ።»

«ጠመኔውንስ ለምን ለእኔ አልሰጡኝም?»

አባት አሮጌው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ይህን ጥያቄ ዛሬ ነው የሰማሁት» አሉ። «ያኔ ካጠረብሽ ወዲህ እኔ ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር ፊትሽን ታዞሪ ነበር። ጠላችው አልኩ። ሥራው አስፈራት፣ አላስጨንቃት አልኩ። ይኸው ነው።»

ፊቷን የምታዞረው ዓይኗን እንዳያዩባት ነበር። ምን ያህል እንደምትፈልገው እንዳያዩ። ይህን ልትነግራቸው ፈለገች፤ ነገር ግን ሁለቱ አጫጭር ግንባሮች በመካከላቸው ነበሩና አልተቻላትም።

«ቆርጠሽ ጨርሺው እንግዲህ» አሉ አባት ተነሥተው። ቆዳዎቹን ወደ ማጠራቀሚያው መለሷቸው፤ ሲመልሷቸው ግን አልወረወሯቸውም፣ አስቀመጧቸው። «ከእንግዲህም አንቺ ቁረጪ።»

ሐሙስ ሐኪሙ መጡ። መስታወታቸውን በየእጥፋቱ እያስገቡ ግማሽ ሰዓት ያህል መረመሩ። የኋላው ወንበር ጀርባ ሸራ መሆኑን ሲያዩ ቆሙ፤ ሚጡ ሚስማሩንና ክሩን በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣላቸው ነበርና አሳየቻቸው። «እህቴ ናት ያገኘችው» አለች። ሽማግሌው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄው ነው» አሉ። ሲሄዱ የእታለምን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

አሁን በወርክሾፑ የምትቆርጠው እታለም ናት። አባት ደንበኛ ሲመጣ በአገጫቸው ወደ ጠረጴዛው ያመለክታሉ፤ «ትልቋን አናግሯት፣ ቆራጯ እሷ ናት» ይላሉ። ሰዎች እሷን ይጠብቃሉ፣ ስትለካ ዝም ይላሉ፣ «ይበቃል?» ሲሉ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። የተመኘችው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ገብቶላታል።

ሚጡ ማሽኑ ላይ ተቀምጣለች። አኩርፋ አታውቅም። እንደ ድሮው ትቀልዳለች፣ እንደ ድሮው እታለም ትላታለች፣ ድምፅዋም እንደ ድሮው ነው። ስፌቷ ግን ገና ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ትፈጥናለች። እታለም ልታሳያት ስትፈልግ ትቀርባለች፣ ታያለች፣ «እሺ» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አለ። እታለም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አባቷ የቆረጡትን አንድ ቁራጭ ለክታ አታውቅም። የተሰጣትን ትሰፋለች፤ የዚያ ቤት ሰፊ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሚጡ ግን የተቆረጠላትን እያንዳንዱን ቁራጭ ትለካለች። በክፋት አይደለም፤ ለማሳየትም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈዋለች፣ ሜትሩን ታስጠጋለች፣ ሄዳ ከብረቱ ጋር ታስተያያለች፣ ተመልሳ ደግሞ ታየዋለች። እታለም መቀሱን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። ሌላ ሥራ መጀመር ትችል ነበር፤ ነገር ግን ትጠብቃለች።

«ልክ ነው» ትላለች ሚጡ፤ ቁራጩንም ይዛ ወደ ማሽኗ ትሄዳለች።

እታለም ያን ጊዜ ነው ትንፋሿን ለቃ ቀጣዩን ቆዳ የምታነጥፈው።